ቡን ፍለጋ ሁዌ ድረስ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቡን ስል ቡና ማለቴ አይደለም። ቬትናም ቡናም ሞልቷታል፤ ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ አምራች ናት። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እኛ እያለን? ግን ያ ሌላ ወሬ ነው። በቬትናምኛ ቡን ማለት ከሩዝ የሚሠራ ነጭና ለስላሳ ኑድል ነው። ቦ የበሬ ሥጋ ነው። ሁዌ ደግሞ መሀል ቬትናም ያለች ከተማ። ሦስቱን ስታገጣጥሟቸው ቡን ቦ ሁዌ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት የሚበላ፣ የሚያልብ፣ ቀላ ያለ የሥጋ መረቅ።

ኑድል ሲባል እንዶሚ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። እዚህ አካባቢ ሐበሻና ቬትናማዊ ጎረቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እነሱ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በ1975 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ስትወድቅ መጡ፤ የእኛዎቹም ከደርግ ሸሽተው በእነዚያው ዓመታት መምጣት ጀመሩ። ቬትናማውያኑ መጀመሪያ ሱቆቻቸውን የከፈቱት አርሊንግተን፣ ክላረንደን የሚባለው ሰፈር ነበር። ሜትሮ የሚባለው የከተማ ባቡር ሲገባ ኪራይ ናረና ተነሱ። ከ1984 ጀምሮ ፎልስ ቸርች ውስጥ ኤደን ሴንተር የሚባል የራሳቸው የገበያ ማዕከል አላቸው። ፓርኪንጉ ሁልጊዜ ጭንቅ ነው። የድሮዋ ደቡብ ቬትናም ቢጫ ባንዲራ እስካሁን እዚያ ይውለበለባል። ባንዲራ የመቀየር ነገር እኛም ስለማናጣው፣ ሳየው ሁልጊዜ ዝም እላለሁ።

ቡን ቦ የለመድኩት እዚያ ነው። ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ገብቼ፣ ያንን ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አቅፌ እቀመጣለሁ። የሳበኝ ሽታው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሳህኑ ፊቴ ሲቀመጥ አፍንጫዬ ቀድሞኝ እናቴ ማድ ቤት ገባ። ነገሩ ጠጅ ሳር ነው። እኛ ሻይ ውስጥ የምንነክረው፣ አንዳንዶቻችን ቅቤ ስናነጥር ጣል የምናደርገው ያው ጠጅ ሳር። እነሱ «ሳ» ይሉታል። ግንዱን በቢላ ጀርባ ቀጥቅጠው፣ በእስር አድርገው፣ የአጥንቱ መረቅ ውስጥ ይጥሉታል። ሥጋ መረቅ ውስጥ ይገባል ብሎ ማን አሰበ?

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ የማወራቸው አንድ ቬትናማዊ አዛውንት አሉ። የሁዌ ሰው ናቸው። ስለ ኤደን ሴንተሩ ቡን ቦ ባወራኋቸው ቁጥር እጃቸውን እያወዛወዙ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን የሁዌ አይደለም» ይሉኛል። የአሜሪካው ሳህኑ ትልቅ ነው፤ ቅላቱ ይበዛል፤ ሥጋው ይበዛል። «ሁዌ ትንሽ ነው፤ ቀጭን ነው» ይላሉ ጣታቸውን ገጥመው። ያለፈው ዓመት ትኬት ቆረጥኩና ነገርኳቸው። በጣም ነው ደስ ያላቸው። ከዚያ ጠየቅኳቸው፦

«እሺ፣ የት ልብላ?»

አሰቡ። ብዙ አሰቡ። «ጠዋት» አሉኝ።

እንግሊዝኛችን የተላለፈ መሰለኝ። «የት? ምን ጎዳና ላይ?»

«ጠዋት።»

ተራቸው ደረሰና መንገደኛ ጭነው ሄዱ።

ወደ ሁዌ የገባሁት ከዳናንግ ተነስቼ በባቡር ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባቡሩ ግን ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ሃይ ቫን የሚባለውን ተራራ ሲዞር አንድ ጎኑ ገደል፣ ሌላ ጎኑ ባሕር ነው። መኪናው በ2005 በተከፈተው ዋሻ በጥቂት ደቂቃ ውልቅ ይላል። ባቡሩን ምረጡ።

ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 የንጉየን ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ወንዟ ስሙ የሽቶ ወንዝ ነው። በስተሰሜን በኩል በግንብ የታጠረው የንጉሦቹ ከተማ አለ፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በ1968ቱ ውጊያ ብዙው ፈርሷል፤ እየጠገኑት ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ባኦ ዳይ ነሐሴ 1945 ዙፋኑን የለቀቀው በዚያው ግቢ ደቡባዊ በር ላይ ቆሞ ነው። እኔ ግንቡን አንድ ከሰዓት ዞርኩትና በቃኝ። የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው።

በሁዌ ቋንቋ «የት» ማለት «ሞ» ነው። አብዛኛው ቬትናም «ዳው» ይላል። የሁዌ ሰው የሚናገረው ለሌላው ቬትናማዊም ቶሎ አይገባም፤ ይቀልዱባቸዋል። ይህን ያስተማረችኝ ያረፍኩባት ቤት ባለቤት ናት። እንግሊዝኛ ጥሩ ትናገራለች፣ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች። «ቡን ቦ ሞ?» ብለህ ጠይቅ አለችኝ። ሌላም ነገር ነገረችኝ። ቡን ቦ ሁዌ የሚሉት ሌሎች ናቸው። እዚህ ቡን ቦ ብቻ ነው። ሐረር ውስጥ «የሐረር ሰንጋ» ብሎ የሚጠይቅ አለ እንዴ?

እኔም ወጥቼ ጠየቅሁ። ሞተር ላይ የሚጭነኝን ሰውዬ ጠየቅሁ። ባርኔጣ የምትሸጠውን ጠየቅሁ። የሙዚየሙን ዘበኛ ጠየቅሁ። አንዳቸውም ከሌላው ጋር አልተስማሙም። ሁሉም የሚያሳየው ወደራሱ ሰፈር ነው። ዘበኛው ጭራሽ ከበሩ ሃምሳ እርምጃ የማይርቅ ቦታ ጠቆመኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አዲስ አበባ ላይ «ጥሬ ሥጋ የት ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የኮተቤው ኮተቤ ይላችኋል፤ የሳሪሱ ሳሪስ። የሚናገረው ስለ ሥጋው ሳይሆን ስለ ደንበኝነቱ ነው።

ለማንኛውም አድራሻ የሚፈልግ አይጠፋምና ጥቂቱን ላስቀምጥ። ዶንግ ባ ገበያ አለ። ከወንዙ ዳር፣ ከትሩንግ ቲየን ድልድይ አጠገብ። ገበያው አሁን ያለበት ቦታ ከ1899 ጀምሮ ቆሟል። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ አፍንጫችሁን ተከተሉ። አሜሪካዊው ሼፍ አንቶኒ ቦርዴን ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ካሜራ አስከትሎ እዚያ ተቀምጦ ስለበላ የውጭ ሰው ይጎርፋል። ሻጮቹም ይጠሩሃል፣ ክንድህን ይይዙሃል፤ መርካቶ የለመደ አይደነግጥም። ሊ ቱንግ ኬት የሚባለው ጎዳና ላይ ቁጥር 17 የታወቀ ቤት አለ፤ አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ለጀማሪ ይመቻል። ባክ ዳንግ ጎዳና ላይ ደግሞ ሜ ኬዎ የሚባል የቆየ ቤት አለ። «ሜ» በሁዌ አነጋገር አያት እንደማለት ነው። የቤቶቹ ስም ሁሉ እንደዚህ ነው። «ኦ» እንትና፣ «ሙ» እንትና። ኦ የአባት እህት ናት፤ ሙ ጠና ያለች ሴት። እማማ፣ እትዬ፣ እሜቴ በሉት። ሚሽሊን የሚባለው የምግብ ቤት ደረጃ ሰጪ ቬትናም የገባው በ2023 ነው፤ በ2024 ዳናንግን ጨመረ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ሁዌ አልደረሰም ነበር። ማንም የከፋው አላየሁም።

ዋጋው በተራ ቤት ከ30,000 እስከ 50,000 ዶንግ ነው። ከአንድ ዶላር ከምናምን እስከ ሁለት ዶላር። ዜሮው አያስደንግጣችሁ።

እነዚህን ቤቶች ሁለት ቀን ሞከርኩ። ጥሩ ናቸው። ግን በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ነገር ሆነ። እንቅልፌ አሁንም የቨርጂኒያ ነው፤ ሌሊት ነቅቼ አድራለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ላይ ተነስቼ ወጣሁ። ጨለማ ነው፤ ያካፋል። ካረፍኩበት ቤት ሦስተኛው ቅያስ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይሄድበት ጠባብ መንገድ አፍ ላይ፣ አንዲት ሴትዮ ከሰል ታራግባለች። በቀርከሃ ዘንግ ሁለት ጫፍ አንጠልጥላ ያመጣችው ዕቃ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ባንዱ በኩል ድስት፣ በሌላው በኩል ሳህኖችና ቅጠላ ቅጠል። አምስት ስድስት የፕላስቲክ ዱካ። እንደ ጉልት በሉት።

ድስቱን ልብ ብዬ አየሁት። አሉሚኒየም ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ። ክዳኑን ስታነሳው እንፋሎቱ መብራቱን ሸፈነው። በላዩ ቀይ ዘይት ተንሳፍፏል። ቅላቱ የበርበሬ አይደለም፤ አናቶ የሚባል ፍሬ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ የሚለቀው ቀለም ነው። ከዘይቱ ሥር መረቁ ጠርቷል። ሴትዮዋ ከቅርጫት ጭብጥ ቡን አነሳች። በወንፊት አድርጋ ፈላ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ ሁለቴ ነቀነቀችው፣ ሳህኑ ላይ ገለበጠችው። ከላይ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የቅልጥም ሥጋ አስቀመጠች። በጭልፋ ቀዩን ዘይት ገፋ አድርጋ ከሥር ቀዳች፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀይ ከላይ ጠብ አደረገች። ሽንኩርት፣ ኮሰረት የሚመስል ቅጠል። ይህ ሁሉ ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀም። እጇ አያስብም።

ጎኑ ላይ ትንሽ ሳህን ይመጣል። እንደ ጥቅል ጎመን ደቆ የተከተፈ የሙዝ አበባ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ። እና በዘይት ከጠጅ ሳር ጋር የተጠበሰ በርበሬ፤ አዋዜ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ሳይጎን ብትሄዱ ቅጠላ ቅጠሉ ተራራ ነው። እዚህ ቁንጥር ናት።

ስለ ሽታው ልጨምር፣ ምክንያቱም የቤቶቹ ልዩነት ያለው እዚያ ላይ ነው። ማም ሩዎክ የሚባል ነገር አለ። ደቃቅ ሽሪምፕ ከጨው ጋር ተወቅጦ፣ ለወራት ተብላልቶ፣ ወይንጠጅ ሊጥ የሚሆን። ማሰሮውን ከፍታችሁ ብታሸቱት ትሸሻላችሁ። የበሰለ የገጠር ቅቤ ፈረንጅ አፍንጫ ሥር እንደማቅረብ ነው። እነሱ ግን እንዲሁ አይጨምሩትም። በውሃ ይበጠብጡታል፣ ያዘቅጡታል፣ የጠራውን ውሃ ብቻ አጥልለው መረቁ ውስጥ ያፈስሱታል። እንደ ጠላ አተላው ይቀራል። የቸኮለ ሰው የሠራው እንደሆነ መረቁ ይደፈርስና ይከረፋል። ታጋሽ ከሠራው ሽሪምፕ መኖሩን ሳታውቁ መረቁ ብቻ ወፈር ብሎ ይሰማችኋል። የሴትዮዋ እንደዚያ ነበር። ሁለት ቀን ከበላሁባቸው ቤቶች ሁሉ ይበልጣል። ወይ ደግሞ ሰፈሬ ስለሆነ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ስመለስ ቦታው ባዶ ነው። ዱካ የለም፣ ድስት የለም። የእርጥብ አመድ ምልክት ብቻ። የሽማግሌው «ጠዋት» ያኔ ገባኝ። ጥሩው ድስት አድራሻ የለውም፤ ሰዓት ነው ያለው።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ።

አሳማ አልበላም። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ አንገቴ ላይ ማዕተብ አለ። በተለምዶ ቡን ቦ ላይ የአሳማ እግር ይገባል። በኩብ የተቆረጠ የረጋ ደምም ይገባል። ቨርጂኒያ ላይ «አሳማውንም ደሙንም ተዉት» እላለሁ፤ ይተዉታል፤ በሰላም እበላለሁ። ያን ጠዋትም ባለቤቴ... ይቅርታ፣ የቤቱ ባለቤት ያስተማረችኝን «ኾንግ ሄዎ» አልኩ። አሳማ የለም ማለት ነው። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ሳህኔን ጨርሼ፣ መረቁን ጠጥቼ፣ ልከፍል ስነሳ ጭልፋውን እድስቱ ታች ከታ አወጣችው። አንድ የአሳማ እግር ከነሰኮናው ብቅ አለ። ሌላም ተከተለው።

ለካ መረቁ ራሱ ነው። የበሬውም አጥንት፣ የአሳማውም እግር አንድ ድስት ውስጥ ያድራሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኤደን ሴንተር ተቀምጬ ያነሳሁት ሥጋውን ብቻ ነው።

ገንዘቡን እንደያዝኩ ቆምኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ከዚያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መረቁ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁና እግሬ እዚያው ወሰደኝ። ዘዴ ቀየስኩ። ቡኑንና ሥጋውን ለቅሜ በላሁ፤ መረቁን ተውኩት። እንደ ዘዴ የማይረባ ነገር ነው፤ ራሴም አውቀዋለሁ። የባሰው ግን ሌላ ነው። ሴትዮዋ ሳህኑን አየችው። መረቅ ትቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ወጡን ትቶ እንጀራውን ብቻ በልቶ የተነሳ እንግዳ የገጠማት ሴት ታውቀዋለች። ማንኪያ አምጥታ ከድስቷ ቀመሰች። በእጇ ጠየቀችኝ፤ ጨው? ቃሪያ? አይደለም አልኩ። ወደ ድስቱ አመለከትኩና እንደ አሳማ አንጎራጎርኩ። ጎረቤቶቿ በሳቅ ፈረሱ። እሷ አልሳቀችም። የሆነ ነገር ጠየቀች፣ አልገባኝም። ማዕተቤን አወጣሁ። መስቀሉን ስታይ ጭራሽ ግራ ገባት።

ምሽት ላይ ለቤቱ ባለቤት ነገርኳት። አፏን ሸፍና ሳቀች። «እስላም ነህ ወይ ነው ያለችህ። ከዚያ መስቀል አሳየሃት። እዚህ ክርስቲያን ሁሉ አሳማ ይበላል!» ሁዌ ውስጥ ካቶሊኩ ብዙ ነው፤ ትልቅ ካቴድራልም አላቸው። መስቀል ያደረገ ሰው ከአሳማ ሲሸሽ አይታ አታውቅም። ነገሩ ከነቢዩ ሙሴ ጀምሮ መሆኑን እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ምን ብላ እንደጻፈች እግዜር ይወቅ።

በመሀሉ አንድ ቀን ቡኑ የሚሠራበት መንደር ሄጄ ነበር። ቫን ኩ ይባላል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቦ የሚባል ወንዝ ዳር። በሞተር ሩቅ አይደለም። መንደሩ ሳይደረስ ሽታው ይቀበላችኋል። ምን ይሸታል ብትሉኝ፣ ቡኮ! ሩዙን ይዘፈዝፉታል፣ ከነውሃው ይፈጩታል፣ እንዲብላላ ይተዉታል፣ ውሃውን ያጠልሉታል። ከዚያ ጥቂት አብስለው ያሹታል። በተበሳሳ ነገር ሲጫኑት ክር ሆኖ የፈላ ውሃ ውስጥ ይወርዳል። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ዛሬ አብዛኛው በማሽን ነው። ግን ያ መጣጣ ሽታ አልሄደም። አንዷ ሴትዮ ጭብጥ ቡን እጄ ላይ አኖረችልኝ፤ ለብ ያለ ነው። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት። የሦስት ቀን ሊጥ። የእኛ ሰው ሩዝ ኑድል ቶሎ የሚወድበት ምክንያት ይህ ሳይሆን ይቀራል?

የመንደሩ ሰዎች የቡን እመቤት አለቻቸው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ከሰሜን የመጡ ሰፋሪዎች መሀል አንዲት ልጅ ነበረች። የድንጋይ ሙቀጫ ነበራት፤ ሩዝ እየፈጨች ቡን ትሠራለች። መጀመሪያ የሰፈረችበት መንደር ሦስት ዓመት አዝመራ ጠፋ። ምቀኞች ተነሱ። ሩዝ የአምላክ ዕንቁ ነው፤ እሷ ስለፈጨችው ነው የተቆጣን አሉ። ወይ ቡኑን ተይ፣ ወይ ውጪልን ተባለች። መውጣቱን መረጠች። ለሸክም ያህል አምስት ጎረምሳ ፈቀዱላት፤ ሙቀጫዋን እየተቀባበሉ ተሸከሙ። አምስተኛው የደከመበት ቦታ ቫን ኩ ሆነ። በየዓመቱ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በመጀመሪያው ወር ይዘክሯታል። እኔን የገረመኝ ሙቀጫው ነው። ሰው ሲባረር የሚይዘውን ይዞ ይሄዳል፤ ቀለል ያለ ነገር አጥታ ነው? እኔ ስወጣ የያዝኩት የበርበሬ ፌስታል ነበር፤ እሱንም ኤርፖርት ላይ ከፈቱት።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ሰጠኋት። በከሰሉ ብርሃን አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። «አ!» አለች። «ቻይ!»

ቻይ በእነሱ ቋንቋ የጾም ምግብ ነው። በእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እንዴት እንደተገጣጠመ አላውቅም። ሁዌ የፓጎዳ፣ ማለትም የቡዲስት ቤተ መቅደስ፣ ከተማ ናት። ብዙ ሰው በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋ አይበላም። 15ኛውን፣ ጨረቃ የምትሞላበትን ቀን፣ «ራም» ይሉታል። ሴትዮዋ ወደ ሰማይ አመለከተች። ደመና ነው፤ ምንም አይታይም። ከዚያ ሦስት ጣት አሳየችኝ። ከሦስት ቀን በኋላ። «ራም» አለችኝ። «ራም።»

የት ብዬ ጠይቄ ቀን የተነገረኝ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

እነዚያን ሦስት ቀኖች ሚ ኳንግ በላሁ። ከጎረቤት ክፍለ ሀገር የመጣ ሌላ ኑድል ነው፤ ሰፋ ያለ፣ እርድ ነክቶት ቢጫ የሆነ፣ መረቁ ጉሮሮ የምታርስ ያህል ብቻ። በዶሮም ይሠሩታል። ከላይ ኦቾሎኒና የተጠበሰ የሩዝ ቂጣ ተሰባብሮ ይደረጋል። ጥሩ ነው። መረቁ በምን እንደተሠራ አልጠየቅሁም። ከዚያች ጠዋት በኋላ ድስት ውስጥ ማየት ትቻለሁ።

ራም ደረሰ። 11 ሰዓት ላይ ወረድኩ። የቤቱ ባለቤት አብራኝ ወጣች፤ እሷም ትጾማለች። በየደጃፉ ትንሽ ጠረጴዛ ወጥቶ ፍራፍሬና አበባ ተቀምጧል፣ ዕጣን ይጤሳል። ዕጣኑ የእኛ ዓይነት አይደለም፤ ቀጭን እንጨት ነው። ቢሆንም ጨለማው፣ ካፊያውና ዕጣኑ አንድ ላይ ሲሆኑ ማኅሌት ተቁሞ ያደረ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የደረስኩ መሰለኝ።

ሴትዮዋ ቦታዋ ላይ ናት። ድስቱ ግን ሌላ ነው፤ ትንሽ፣ አዲስ። ለቻይ ብቻ የተለየ ዕቃ ነው አለችኝ የቤቱ ባለቤት። ይሄ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እናቴ የጾም ድስትና የፍስክ ድስት አደባልቃ አታውቅም። ውስጡ እንጉዳይ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ቶፉ፣ አናናስ፣ አንድ እስር ጠጅ ሳር። ቀዩ ዘይት እንደነበረው። ሽንኩርት የለም። ነጭ ሽንኩርትም የለም። አጥብቀው የሚጾሙ ቡዲስቶች ሽንኩርት ስሜት ይቀሰቅሳል ብለው ይተዉታል። ያለ ሽንኩርት ጾም! ለሐበሻ ይህን ብትነግሩት ጾሙን ራሱ ይተወዋል።

ሳህኑን ሰጠችኝ። «ኾንግ ሄዎ» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ቀመስኩ። የአጥንቱ ክብደት የለውም፤ ውሸት አልናገርም። ግን ጠጅ ሳሩ ብቻውን ቀርቶ ከጫፍ ጫፍ ይሰማል፤ አናናሱ ከኋላ ይመጣል። ሳህኑን በሁለት እጄ አንስቼ ጨለጥኩት። ሴትዮዋ ሰርቃ ታየኝ ነበር። ባዶውን ሳህን ዘቅዝቄ አሳየኋት። አሁን ሳቀች። ከንፈሯ በኩል አንድ የወርቅ ጥርስ እንዳላት ያየሁት ያኔ ነው።

ዱካዎቹ ሁሉ ሞልተዋል። ያ በየቀኑ የአሳማ እግር በጥርሱ የሚግጠው ሽማግሌ ጎረቤት ቶፉውን በቾፕስቲክ እያገላበጠ ያየዋል። ረቡዕ ቀን ሽሮ የቀረበለት አጎቴን ነው የሚመስለው። አንድ ጎረሰ፣ ተከዘ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቃት። በጭልፋዋ ልትመታው ቃጣች። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ።

«ምን አላት?» አልኩ።

የቤቱ ባለቤት አፏን ሸፍና «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትመጪው አላት» አለችኝ።